ስለ መረብ ኳስ አለጋግና ስለ ነጥብ አቈጣጠር

በአሶሳና በአካባቢው ሽመል እንደ ልብ ስለሚገኝ፥ ሁለት ቋሚ ተክሎ መረብ መወጠር ለገጠር ትምህርት ቤት ብዙ ወጪ የለበትም። የሚያስቸግረው የሚለጋውን ልጅ ማስተማር ነው፤ ይልቁንም ልጁ ኳሱን መረብ ላይ በጣለ ጊዜ መምህሩ የሚናገረው ቃል ነው።

መለጋት ማለት ከሜዳው ጫፍ መስመር በስተኋላ ቆሞ፥ ኳሱን በእጅ መትቶ ከመረቡ በላይ ወደ ባላጋራ ሜዳ መስደድ ነው። ቃሉን ሽማግሌዎች ከገና ጨዋታ ያውቁታል። ተጫዋቾቹ ከየወገኑ ስድስት ናቸው፤ የመለጋቱን ተራ ከባላጋራ በወሰዱ ቍጥር ስፍራቸውን እየዞሩ ስለሚለዋወጡ፥ ብርቱውም ደካማውም ልጅ ተራው ይደርሰዋል።

በቀድሞው ሥርዓት ነጥብ የሚያገኘው የለጋው ወገን ብቻ ነበረ። ተቀባዩ ቢረታ ተራውን ይወስዳል እንጂ ነጥብ አይቈጠርለትም፤ ዙሩም በ15 ነጥብ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ተራው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ፥ ነጥብ ሳይቈጠር ብዙ ጊዜ ያልፍ ነበር። ዓለም አቀፉ የመረብ ኳስ ፌዴሬሽን በ1991 ዓ. ም. (በፈረንጆች 1998) በቶኪዮ ባደረገው ጉባኤ ይህን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ማንም ይለጋ ማን፥ የረታው ወገን ነጥብ ያገኛል፤ ዙሩ በ25፥ አምስተኛው ዙር ግን በ15፥ በሁለት ነጥብ ብልጫ ያልቃል።

ከዚህም የተነሣ “ዛሬ የሳተ ነጥብ ይሰጣልና ሁሉ በርጋታ ይለጋ” የሚሉ አሉ። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን እንዲህ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት ኳሱን መረብ ላይ የጣለም፥ በደኅና ለግቶ በኋላ የተረታም የሚያጡት አንድ ነበር፤ ይኸውም ተራውን። በዛሬውም ሁለቱ የሚያጡት አንድ ነው፤ ተራውንና ነጥቡን። በርጋታ የተለጋውን ኳስ ባላጋራ ተመችቶት ቢያነሣውና ቢመታው፥ ያንኑ ነጥብ ይወስዳል። ስለዚህ መቈጠር የሚገባው ስንቱ ሳተ ተብሎ ሳይሆን፥ ከተለጋው ስንቱ ተረፈልን ተብሎ ነው።

ለምሳሌ አንድ ልጅ 10 ጊዜ በርጋታ ለግቶ ምንም ሳይስት ወገኑ 3 ቢረታ፤ ሌላ ጊዜ በብርታት ለግቶ 2 ቢስት፥ ከቀሩት 8 ግን 4 ቢረታ፥ ብርቱው አለጋግ ይሻላል። ባላጋራዎቹ ገና ኳስ መቀበል ያልለመዱ ሕፃናት ሲሆኑ ግን በርጋታ ከተለጋው 6 ይረታ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ 4 ስቶ ከቀሩት 5 መርታት ኪሳራ ነው። ለባምባሲ ጀማሪዎች የሚበጀው፥ በአሶሳ ከተማ ለለመዱ ተጫዋቾች ላይበጅ ይችላል።

ደግሞ ጕልበት ለሌለው ልጅ ሌላ መንገድ አለው፤ ኳሱን በሁለት ተቀባዮች መካከል መጣል ነው። እያንዳንዱ የባልንጀራው መስሎት ይተወዋል። ይህ ከታች ወደ ላይ ለሚለጋ ሕፃንም ይቻለዋል።

መምህሩ በየጨዋታው ወረቀት ይዞ ለእያንዳንዱ ልጅ የለጋውን፥ የሳተውንና ወገኑ የረታውን በሦስት ረድፍ ይጻፍ። ልጅን ከመገሠጹ አስቀድሞ ቢያንስ የሦስት ጨዋታ ቍጥር ይያዝ፤ አንዲት የሳተች ኳስ ምንም አታስረዳምና።