የጎደለው በምን ይታወቃል? ስለ ቪታሚንና ማዕድን እጥረት ምርመራ



ምግብ ገንቢ፣ ኃይል ሰጪና በሽታ ተከላካይ ተብሎ በሦስት እንደሚከፈል ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንማረው ኖረናል። በፈተናም ላይ ጽፈን ነጥብ አግኝተንበታል። ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ያልፋል። በሽታ ተከላካይ ከተባሉት ቪታሚኖችና ማዕድናት አንዱ ቢጎድለን በምን ይታወቃል? ሆድ በእንጀራ ሞልቶ እያለ ሊጎድል ይችላል እኮ! እንዲህ ያለው እጦት እንደ ረሃብ አንጀት ስለማያላውስ ልጁ ራሱ አያውቀውም፤ እናቱም አታውቀውም።

ነገሩ እኛን እጩ መምህራንን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ስድሳ ሰባ ልጅ ከፊታችን ይቀመጣል። ከነሱ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚያንቀላፋ፣ ሩጫ ላይ ቶሎ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሦስት ጊዜ ተነግሮት የማይገባው አይጠፋም። "ሰነፍ" ወይም "ፈዛዛ" እንለዋለን። ስሙ ደግሞ አንዴ ከወጣ ከክፍል ወደ ክፍል አብሮት ይዘልቃል። ልጁ ግን ደሙ አንሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትኛው እጥረት በዓይን እንደሚታይ፣ የትኛው ያለ ላቦራቶሪ እንደማይገኝ፣ ላቦራቶሪውስ የት ላይ እንደሚያሳስት ማወቁ የጤና ባለሙያዎች ሥራ ብቻ ነው ብለን የምንተወው አይመስለንም።

በአዮዲን እንጀምር። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለው ተረት ራሱ እንቅርት ለሰዋችን ምን ያህል የተለመደ እንደነበረ ይመሰክራል። በደጋው አገር ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ አፈሩ ላይ የሌለ ነገር ደግሞ እህሉም ውስጥ አይኖርም። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አዮዲን ሲያጣ ያለችውን ለመሰብሰብ ሲል እያበጠ ይሄዳል። እንቅርት ማለት ይኸው ነው። እብጠቱ ግን የጉዳቱ ትንሹ ክፍል ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን በብርቱ ካጠራት የጽንሱ አንጎል እድገት ይጎዳል፤ ይህም በኋላ በማስጠናት የሚመለስ አይደለም።

እንቅርትን ለመመርመር እጅ ይበቃል። ደረጃው ሦስት ነው። ዕጢው ሳይታይና ሲዳሰስም ማበጡ ሳይታወቅ ከቀረ 0 ይባላል። አንገት ቀጥ ብሎ ሳለ ሳይታይ ሲዳሰስ ግን ማበጡ ከታወቀ 1 ነው። ሳይዳሰስ እንዲሁ ከታየ 2 ነው። በመዳሰስ ጊዜ መለኪያው የልጁ የራሱ አውራ ጣት ነው፤ የዕጢው አንዱ ጎን ከአውራ ጣቱ ጫፍ አንጓ ከበለጠ አብጧል ይባላል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ተማሪዎች መካከል 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እንቅርት ከተገኘባቸው በአካባቢው የአዮዲን እጥረት አለ ተብሎ ይወሰዳል። እንግዲህ ከመቶ ልጅ አምስት ማለት ነው፤ አንድ መምህር በሁለት ክፍል ውስጥ ሊቆጥረው የሚችለው ቁጥር ነው።

ታዲያ እንቅርት የሚያወራው ያለፈውን ነው። አዮዲን መግባት ከጀመረ በኋላም እብጠቱ ለመቀነስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅበታል። የዛሬውን ለማወቅ የሚመረመረው ሽንት ነው፤ ከምንበላው አዮዲን አብዛኛው በሽንት ስለሚወጣ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የአንድ ሰው የሽንት አዮዲን ከቀን ቀን፣ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል። በአንድ ብልቃጥ ሽንት "አንተ አዮዲን ጎድሎሃል" ማለት አይቻልም። የሚለካው ሕዝቡ ነው፤ ለዚህም መካከለኛውን ቁጥር እንወስዳለን። አንባቢ ሆይ፣ የሒሳብ መምህራችን ስለ ሚድያን ሲያስተምሩን "ይሄ ምን ያደርግልናል?" ያልን አለን አይደል? ይኸው ሥራው። ለማስረዳት ብለን የአምስት ልጆችን ውጤት እንፍጠር፤ 40፣ 70፣ 95፣ 180፣ 320 ማይክሮግራም በሊትር። አማካዩን ብናወጣ 141 ይሆንና ከ100 በላይ ስለሆነ "ደህና ናቸው" ያሰኘናል። መካከለኛው ቁጥር ግን 95 ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መካከለኛው ከ100 በታች ከሆነ እጥረት አለ። አንዱ ባለ 320 ልጅ አማካዩን ወደ ላይ ስቦ የሌሎቹን ጉድለት ሸፈነው። እርግጥ በእውነተኛ ጥናት ላይ አምስት ልጅ አይበቃም፤ በርከት ያሉ ናሙናዎች ያስፈልጋሉ።

ጨውም ይመረመራል። ጨዋችን በብዛት የሚመጣው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ነው። አዮዲን ሳይጨመርበት ለምግብ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ደንብ ወጥቷል። መመርመሪያው በትንሽ ጠርሙስ ያለ ፈሳሽ ነው። ከጨው ቆንጠር አድርጎ ሳሕን ላይ ማኖር፣ አንድ ሁለት ጠብታ ማንጠብጠብ፣ ከዚያ ማየት። ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ ከተለወጠ አዮዲን አለበት። በፈሳሹ ውስጥ ስታርች አለ፤ አዮዲን ስታርችን ሰማያዊ እንደሚያደርግ በባዮሎጂ ክፍል ድንች ላይ አይተነዋል፤ ያው ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በዚህ ዓይነት ምርመራ ከቤተሰቦች 89 በመቶው ቤት ያለው ጨው አዮዲን ተገኝቶበታል። ደስ ይላል። ነገር ግን ጠብታው "አለ" ወይም "የለም" ይላል እንጂ "ይበቃል" አይልም። ቤት ሲደርስ ቢያንስ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም መኖሩን ለማረጋገጥ በላቦራቶሪ መለካት ግድ ነው። በሱቅ ደጃፍ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት የከረመ ጨው አዮዲኑ ይቀንሳል። ጨውን ማጠብም ያው ነው።

ወደ ደም ማነስ እንለፍ። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉት ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው! እነዚህ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት እኛ ዘንድ ነው።

የደም ማነስ ሲከፋ በታችኛው የዓይን ቆብ ውስጥና በመዳፍ ላይ ይታያል፤ ቀላ ማለት የነበረበት ቦታ ይነጣል። ቀለል ያለውን ግን ዓይን ይስተዋል። ከጣት ጫፍ ደም ተወስዶ ሄሞግሎቢን ሲለካ ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ በዴሲሊትር ከ11.5 ግራም በታች፣ ከ12 እስከ 14 ዓመት ላለ ከ12 ግራም በታች ከሆነ የደም ማነስ አለበት። ባለሙያው የመጀመሪያውን ጠብታ የሚጠርገው፣ ጣትንም አጥብቆ የማይጨምቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲጨመቅ ከደሙ ጋር ውሃማ ፈሳሽ ይወጣና ቁጥሩን ያሳንሰዋል።

ከፍታም አለ። አየር በሳሳበት ቦታ የሚኖር ሰው ደሙ ሄሞግሎቢን ስለሚጨምር፣ በደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ላይ ያለ ልጅ በአዋሽ ቆላ ካለ ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም፤ ከተገኘው ቁጥር ላይ ለከፍታው ይቀነሳል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት አንድ አስገራሚ ነገር ገልጧል። በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ ያሉት ግን በዚያው ከፍታ በጣም ይጨምራሉ። እንግዲህ ለሁሉም አገር አንድ ቅናሽ መጠቀም ለኛ ደገኞች ልክ ነው ወይ? በኛ አስተያየት ጥያቄው የሚገባውን ያህል አልተነሣም።

ሄሞግሎቢን አነሰ ማለት ደግሞ ብረት ጎደለ ማለት ብቻ አይደለም። ወባም ያሳንሰዋል። ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትልም ደም እየመጠጠ ያሳንሰዋል። ከዶርማችን አንዱ ጓደኛችን ድካም ቢሰማው ከተማ ውስጥ ካለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደ። ምን እንደሚበላ፣ ባዶ እግሩን ይሄድ እንደሆነ የጠየቀው የለም። "ቪታሚን አንሶሃል" ተብሎ መርፌ ተወጋ፣ ግሉኮስ ተደረገለት፣ የወሩ የኪስ ገንዘቡ እዚያው ቀረ። ኋላ በጤና ጣቢያ ሰገራው ሲታይ ሁክዎርም ተገኘ። የሰገራ ምርመራ ከሁሉ የሚረክሰው መሆኑ ነው የሚያናድደው!

የብረቱን ክምችት ለማወቅ የሚለካው ፌሪቲን ይባላል። ፌሪቲንን እንደ ጎተራ አድርገን ብናስበው ይቀለናል። ጎተራው እየተራቆተ ሳለ ሌማቱ ላይ ለጊዜው እንጀራ አይጠፋም፤ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ ፌሪቲን ግን አልቆ ይገኛል። ሆኖም ሰውነት ሲታመም፣ ለምሳሌ የሳንባ ምች ሲይዘው፣ ብረቱ ባይጨምርም ፌሪቲን ከፍ ይላል። ስለዚህ ጎበዝ ላቦራቶሪ ሕመም መኖሩን የሚያሳይ ሌላ ምርመራ አብሮ ያደርጋል።

"ጤፍ የምንበላ ሰዎች ብረት እንዴት ይጎድለናል?" የሚል ይኖራል። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፤ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ ያለውንም ብረት እንዳይገባ ያግደዋል። እርሾ ግን ይረዳል፤ ሊጡ ሲብላላ ብረትን የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል።

ስለ ቪታሚን ኤ የደም ምርመራ ለአንድ ልጅ ያን ያህል አይጠቅምም። ጉበት ክምችቱን እያወጣ ስለሚያካክስ፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን የሚወርደው ጉበቱ ሊራቆት ሲቃረብ ነው። ሕመምም ያወርደዋል። ከዚህ ይልቅ አንዲት ቃል ትሠራለች፤ ዳፍንት። "ልጅዎ ሲመሽ ያደናቅፈዋል? ዳፍንት አለበት?" ብሎ እናቱን መጠየቅ ራሱ የታወቀ ምርመራ ነው። እኛም በከሰዓት ፈረቃ ሲመሻሽ ከደረጃ ላይ የሚንገዳገደውን፣ ጓደኛውን ይዞ የሚወጣውን ማየት እንችላለን። በዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ የሳሙና አረፋ የመሰለ ጠቃጠቆ ከታየማ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ዕውርነት ነውና። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉት በየስድስት ወሩ የሚታደለው ጠብታ የሚሰጠው ልጁ ሳይመረመር ነው፤ መመርመሩ ከመስጠቱ ስለሚከብድ።

ዚንክም አስቸጋሪ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ምግብ ከተበላ በኋላ ይለዋወጣል፤ ደም የተቀዳበት ብልቃጥ ራሱ ዚንክ ካለበት ደግሞ ውጤቱ ይበላሻል። ቪታሚን ዲን በሚመለከት የሕፃናት እግር መንጋደድና የእጅ አንጓ ማበጥ ለዓይን ይበቃል፤ ማረጋገጫው ራጅ ነው።

ልጅን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ስንልክ "ቪታሚን ጎድሎታል" ብለን አንጽፍ፤ ይህን የሚለው መርማሪው ነው። ያየነውን እንጻፍ፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሚያንቀላፋ፣ ሲመሽ ያደናቅፈው እንደሆነ፣ አንገቱ፣ የዓይኑ ቆብ፣ መዳፉ እንዴት እንደሆነ፣ ጫማ ያደርግ እንደሆነ፣ ወባ ያለበት ቀበሌ መሆን አለመሆኑን። ወረቀቱን ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለወላጁ እንስጥ፤ ልጁም በክፍል ፊት ተነሥቶ "አንተ ና" ሳይባል በዕረፍት ሰዓት ለብቻው ይጠራ።