የጥጥ ብናኝና የሰኞ ሕመም

ብናኙ ምን ይዟል?

በሐዋሳ ፒያሳ ሱቅ የተሰቀለ የጥጥ ሸሚዝ ንጹሕ ነው። ወደ ክር ፋብሪካ የሚገባው ጥጥ ግን ተዳምጦ ፍሬው ቢወጣም የደረቀ ቅጠል፣ አፈርና ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል። ሲፈታና ሲበጠር ይህ ሁሉ ደቅቆ ወደ አየር ይወጣል። ይህን ብናኝ በመተንፈስ የሚመጣው የሳንባ በሽታ ቢሲኖሲስ ይባላል።

በአስቤስቶስ (ቃጫ መሰል ማዕድን) የሚጎዳው ቃጫው ራሱ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፣ በሽታውም ብዙውን ጊዜ ከአሥርታት በኋላ ይታያል። በጥጥ ግን ዋናው ተጠርጣሪ ከባክቴሪያዎቹ የሚወጣው ኢንዶቶክሲን (ሰውነትን የሚያስቆጣ መርዝ) ነው። የአየር ቧንቧዎችን ያሳብጣል፣ ያጠብባል።

ሕመሙ ለምን ሰኞ ይብሳል?

በሽታው ሲጀምር ቀን ይመርጣል። እሑድ ያረፈ ሠራተኛ ሰኞ ሥራ ከገባ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደረቱን ያፍነዋል፣ ያስለዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ማክሰኞ ይቀልለዋል። ሰውነት በተከታታይ ቀናት ብናኙን በከፊል ይለምዳል፤ የእሑድ ዕረፍት ግን ልማዱን ያጠፋዋል።

የበሽታው አሳሳችነት እዚህ ላይ ነው። በሳምንቱ አጋማሽ ክሊኒክ የደረሰ ሠራተኛ ሕመሙ ጉንፋን ወይም አስም ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ የሚብስበትን ቀን መጠየቅ ለሐኪም ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል።

በዚህ ደረጃ ከብናኙ የራቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ይሻለዋል። መጋለጡ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሕመሙ ወደ ሌሎቹ ቀናት ይሻገራል፤ የጠበበው ቧንቧም ላይመለስ ይችላል። ሲጋራ ያባብሰዋል።

የትኛው ክፍል ይበልጥ ያጋልጣል?

በ1991 እ.ኤ.አ. በአንድ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ የወጣ ጥናት በሽታውን ጥጥ በሚፈታበት ክፍል ሠራተኞች 43.2 ከመቶ፣ በሚበጠርበት ክፍል 37.5 ከመቶ ላይ አግኝቷል። በሌሎቹ ክፍሎች ከ4 እስከ 24 ከመቶ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአብዛኛው ልብስ ስፌት ነው። የታጠበ ጨርቅ ሲሰፋ የዚህ በሽታ ሥጋት አነስተኛ ነው።

መከላከሉ ከየት ይጀምራል?

ከማሽኑ። መበጠሪያው ተሸፍኖ ብናኙ ከምንጩ በመሳቢያ ሲወሰድ አየሩ ይጠራል። ወለልን በተጨመቀ አየር መንፋት ግን የወደቀውን እንደገና ያስነሣል። ጭንብል የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. ለክር ሥራ የፈቀደችው ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.2 ሚሊግራም ብናኝ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አደገኛ ሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች እንደ አስፈላጊነቱ በአሠሪው ወጪ እንዲመረመሩ ያዛል። ለቢሲኖሲስ የሚጠቅመው ስፓይሮሜትሪ (የትንፋሽ አቅም መለኪያ) ሲሆን፣ ከዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ከፈረቃው በፊትና በኋላ ይለካል።