መዶሻው ሳይሳብ የሚተኩሰው ሽጉጥ ለውድድር ይሆናል?

ጥያቄ፦ የብቸና ልጅ ነኝ፤ ምንሽር ይዤ ኢላማ ስመታ ነው ያደግሁት። አሁን በሽጉጥ መወዳደር አምሮኛል። የሞጣው አጎቴ ግን «መዶሻው ሳይሳብ ቃታውን ብቻ ሲስቡት የሚተኩስ ሽጉጥ ጥይት ማባከኛ ነው» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አጎትዎ ግማሽ እውነት አላቸው። በዚህ ሽጉጥ የመጀመሪያው አሳሳብ ረጅምና ከባድ ነው፤ መዶሻውን ወደ ኋላ የሚወስደውም የሚለቀውም ያው ቃታው ነውና። በባለ ካዝናው ከዚያ በኋላ ሽጉጡ ራሱ መዶሻውን ስለሚያሰናዳው ቃታው ይቀልላል። ብዙ ጀማሪ የሚስተው የመጀመሪያውን ጥይት ነው፤ አለዚያም ቅለቱ ድንገት ሲመጣበት ሁለተኛውን።

ሲመርጡ ከስሙ በፊት እጅዎን ይዩ፦ እጀታውን አጥብቀው ይዘው የሌባ ጣትዎ ጫፍ ቃታው ላይ በምቾት ካላረፈ ይተዉት። ለልምምድ ካዝናውን ያውጡ፤ የጥይት ማደሪያው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው ቃታውን በአንድ ወጥ ኃይል ይሳቡ። መዶሻው ሲወድቅ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ካልተነቃነቀ እጅዎ ሠልጥኗል።

ዓላማዎ ኦሊምፒክ ከሆነ ግን ሌላ መሣሪያ ይፈልጉ፤ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር የቃታው ዝቅተኛ ክብደት 500 ግራም ብቻ ነው። ከሁሉም በፊት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያውጡ።