ገመዱን አብራችሁ ጎትቱ

ጠላትነትን ከአያቶቻቸው የወረሱ ልጆች ወዳጅ መሆን ይችላሉ? አዎ፣ ይችላሉ! እንዴት እንደሚችሉ ያሳየን ሰው ደግሞ ራሱ ከእሳቱ መሀል የወጣ ነው። ሙዛፈር ሸሪፍ ይባላል፤ ኢዝሚር አካባቢ በምትገኘው ኦዴሚሽ የተወለደ ቱርካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1919 የግሪክ ጦር ኢዝሚር ሲገባ ገና አፍላ ልጅ ነበር። አጠገቡ ሰው ሲገደል አይቶ እሱ ለጥቂት እንደተረፈ በኋላ ተናግሯል። እንዲህ ያለ ልጅ አድጎ ቂም ቢሰብክ ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን የሥነ ልቦና ሊቅ ሆኖ ሰዎች በቡድን ለምን እንደሚጣሉና እንዴት እንደሚታረቁ ሲመራመር ኖረ።

በ1954 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ የማይተዋወቁ 22 ወንዶች ልጆችን ለሁለት ከፍሎ ጫካ ውስጥ አሰፈራቸው። ልጆቹ በዕድሜም በኑሮም ይመሳሰላሉ። (ሙከራ ላይ መሆናቸው አልተነገራቸውም፤ ዛሬ ቢሆን ያስጠይቃል።) በጨዋታ ውድድር ሲፎካከሩ ሰነባብተው ተሰዳደቡ፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ። ያን ያህል ለመጠላላት የዘመናት ታሪክ አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ማስታረቁ መጣ። እኛ «አብሮ የበላን ቅዱስ ዮሐንስ አይሽረውም» እንላለን። እነዚያ ልጆች ግን አብረው እንዲበሉ ቢደረግ ምግብ ተወራወሩ! ፊልም አብረው ቢያዩም ነገሩ ያው ሆነ። የለወጣቸው ችግር ነው። የሰፈሩ ውሃ ተቋረጠ፤ ቧንቧው የተደፈነበትን ቦታ ሁሉም ተጋግዘው ፈለጉ። ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሳ አለ፤ ሲፎካከሩበት የነበረውን የገመድ ጉተታ ገመድ አምጥተው መኪናው ላይ አሰሩና ባንድ ወገን ቆመው ጎተቱት። በአንድ ቀን አልተዋደዱም፤ ውሃው ከተገኘ በኋላ እንኳ ስድቡ አገርሽቶ ነበር። በመጨረሻ ግን ወደ ቤት ሲመለሱ በአንድ አውቶቡስ ካልሄድን አሉ።

አሁን ወደ ኤጂያን ባሕር ግራና ቀኝ፣ ወደ ግሪክና ቱርክ እንመለስ። ግሪክ በ1821 የተነሳችው በኦቶማን ቱርኮች ላይ ነው፤ የዛሬዋ ቱርክ የቆመችው የግሪክን ጦር በ1922 ከአናቶሊያ አስወጥታ ነው። የአንዱ አገር የልደት ታሪክ የሌላው ሽንፈት ሲሆን ልጆች ምን ይዘው እንደሚያድጉ አስቡት። በ1923 በሎዛን የሕዝብ ልውውጥ ስምምነት ከቱርክ የተነቀሉ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ክርስቲያኖች የግሪክ፣ ከግሪክ የተነቀሉ 400 ሺህ ገደማ ሙስሊሞች ደግሞ የቱርክ ሆኑ። መለያው ሃይማኖት ስለነበር ግሪክ ከገቡት መካከል ቱርክኛ ብቻ የሚናገሩ ነበሩ፤ ከቀርጤስ የተነቀሉት ሙስሊሞች ደግሞ ቤታቸው የሚያወሩት ግሪክኛ ነበር። ዛሬ ተሰሎንቄ ተቀምጦ ቱርክን በጅምላ የሚሰድብ ወጣት የቅድመ አያቱን መንደር እየሰደበ ሊሆን ይችላል።

ነሐሴ 17 ቀን 1999 ግን መሬቱ ራሱ ሥራ ሰጣቸው። ቱርክ ውስጥ ኢዝሚትን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ17 ሺህ በላይ ሰው ሲገድል የግሪክ ነፍስ አድን ሠራተኞች ፈጥነው ደረሱ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ አቴንስ ስትናወጥ ደግሞ ቱርካውያኑ ፍርስራሽ ለመቆፈር ከተፍ አሉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ግሪክ የቱርክን የአውሮፓ ኅብረት ዕጩነት መቃወሟን ተወች። የሁለቱ አገሮች የኤጂያን ባሕር ይገባኛል ክርክር ዛሬም አላለቀም፤ ሆኖም በየካቲት 2023 ደቡብ ቱርክ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ የግሪክ ነፍስ አድን ሠራተኞች እንደገና እዚያው ነበሩ።

ወጣቶች ግን አደጋ እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም። ከ13 እስከ 30 ዓመት ያሉ የሁለቱ አገር ልጆች በኢራስመስ ፕላስ የወጣቶች ልውውጥ ከ5 እስከ 21 ቀን አብረው መኖር ይችላሉ። በእንዲህ ያሉ ልውውጦች «የባህል ምሽት» የተለመደ ነው፤ ሁሉም በየባንዲራው ሥር የአገሩን ምግብ ይደረድራል። ግሪኩም ቱርኩም ባቅላባ ይዞ ቢመጣ «የማን ነው?» ክርክር መነሳቱ አይቀርም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከዚያ ምሽት ይልቅ ማግስቱን አምናለሁ፤ አንዱ ሳህን ሲያጥብ ሌላው ሲያደርቅ፣ ለ30 ሰው ምሳ ለማድረስ ሽንኩርት አብረው ሲከትፉ። እዚያ ማንም አገሩን ወክሎ አይቆምም፤ ቢላ የሚችልና የማይችል ብቻ ነው ያለው።

እናንተም በስሙ፣ በሰፈሩ ወይም በወገኑ ብቻ የፈረጃችሁት ሰው አለ አይደል? «እስኪ ቁጭ ብለን እንነጋገር» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ለሥራ ጥሩት። የሠፈር ቦይ ጠረጋ ይሁን፣ ለፈተና የሚጠና ትምህርት፣ ብቻችሁን የማትወጡትን አንድ ነገር ምረጡ። መጀመሪያ ላይ ብትነጫነጩም አትተዉት፤ የኦክላሆማዎቹም ልጆች ተነጫንጨዋል። ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው፤ ዛሬውኑ ደውሉ!