የሥዕል ተማሪና የትምህርቱ መንገድ

ሥዕልና ጽሕፈት በአንድ ቤት ያደጉ ዕውቀቶች ናቸው። በቀድሞ ዘመን ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ መቃ ቀርጾ መጽሐፍ ከሚጽፉት ሊቃውንት መካከል የሐረጉንና የሥዕሉን ሥራ ጨምረው የሚያውቁ ነበሩ። ስለዚህ በደብተሩ ጠርዝ ላይ በሬና ፈረስ የሚሥል ልጅ በትምህርት ቤት ቢገኝ፥ መምህሩ ሥራ ፈት ነው ብሎ ከመቅጣቱ አስቀድሞ ነገሩን ሊመረምር ይገባዋል። ምናልባት ልጁ የተሰጠውን ጸጋ ገና ባልሠለጠነ እጅ እየፈለገ ይሆናልና።

እንደዚህ ያለ ተማሪ ዐሳቡን እንዴት እንደሚያሳድግ፥ ልዩ ልዩውንም የአሣሣል ስልት እንዴት እየፈተነ የራሱን እንደሚያገኝ፥ የሁለት ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን ታሪክ ያስረዳል። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከቅኔ ቤት የሚገኝ ምሳሌ

የቅኔን ትምህርት የሚያውቅ ሰው የሥዕልን ትምህርት በቀላሉ ያስተውላል። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይቀኝም። አስቀድሞ ግሡንና አገባቡን ያጠናል፤ የቀደሙት ሊቃውንት የተቀኙትን ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ነገር ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሌላውን ቅኔ ብቻ ሲደግም ቢኖር ባለ ቅኔ አይባልም። ባለ ቅኔ የሚባለው ከራሱ ልብ አዲስ ምሥጢር ሲያወጣ ነው።

ሥዕልም እንዲሁ ነው። መሠረቱን ሳይማር አዲስ ነገር የሚሻ ተማሪ ቤቱን በአሸዋ ላይ ይሠራል፤ መሠረቱን ብቻ ይዞ የሚቀርም ገልባጭ ሆኖ ይኖራል።

ስልት ማለት ደግሞ ሥርዓት ያለው ቋንቋ ማለት ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ በጎን ይሣላሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ሠዓሊው መሣል አልቻለም ይላል፤ የሚያውቅ ግን ምሥጢሩን ያነባል። ስለዚህ ተማሪው አዲስ ስልት ባየ ጊዜ ከመናቁም ከመገልበጡም በፊት፥ ስለ ምን እንዲህ ተደረገ ብሎ መጠየቅን ይልመድ።

በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ተማሮች

አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታና አቶ አፈወርቅ ተክሌ ሁለቱም በ1932 ዓ.ም. ተወለዱ፤ የመጀመሪያው በሐረር፥ ሁለተኛው በአንኮበር። ሁለቱም ወደ ሥዕል የመጡት ከሌላ ትምህርት ነው።

አፈወርቅ በ1947 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። በዚያ ሳሉ ለሥዕል ያላቸው ስጦታ ስለ ታወቀ ወደ ኪነ ጥበብ ትምህርት ተመለሱ፤ በለንደንም ስሌድ በሚባለው በታወቀው የሥዕል ትምህርት ቤት ገብተው ሥዕልን፥ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንፃን ጥበብ ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1954 ዓ.ም. ሥራቸውን በአዲስ አበባ ለሕዝብ አሳዩ።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተማሪነቱ አለቀ ይል ነበር። እርሳቸው ግን እንደ ገና ወደ አውሮፓ ሄዱ። በዚያ ባለ ቀለም መስታወት የመሥራትን ጥበብ ተማሩ፤ ደግሞም በአውሮፓ መጻሕፍት ቤቶች የሚገኙትን የኢትዮጵያን የብራና ሥዕሎች መረመሩ። የአባቶችን ሥራ በሰው አገር ሄዶ ማጥናት የሚያሳዝንም የሚያስተምርም ነገር ነው። ሁለቱ ትምህርቶች የተገናኙት በአዲስ አበባ በ1961 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ነው። በዚያ ያለው 150 ሜትር ካሬ የሚሆነው የመስታወት ሥዕላቸው የአፍሪካን ያለፈውን፥ የአሁኑንና የወደፊቱን ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል። መስታወቱ ከአውሮፓ የተማሩት ነው፤ ነገሩ ግን የአፍሪካ ነው።

ገብረ ክርስቶስ የቤተ ክህነት ሊቅ የነበሩት የአለቃ ደስታ ልጅ ናቸው። አለቃ ደስታ የብራና ሥዕል ያውቁ ስለ ነበር ልጃቸው ቀለምን መጀመሪያ ያዩት በቤታቸው ነው። ካደጉ በኋላ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእርሻ ትምህርት ጀምረው ተዉት፤ በ1957 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ሄደው በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማሩ። በዚያም ረቂቅ ሥዕል የሚባለውን ስልት አጠኑ፤ ይኸውም የሰውን ወይም የእንስሳን መልክ መከተል ትቶ በመስመር፥ በቅርጽና በቀለም ብቻ ስሜትን የሚናገር ነው። ከተመለሱም በኋላ በአዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ።

የገብረ ክርስቶስ ፈተና

ሥዕላቸው በ1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሕዝብ በታየ ጊዜ ብዙዎች ተደነቁ፤ ሌሎች ግን ይህ የፈረንጅ ነው፥ ኢትዮጵያዊ አይደለም ብለው ነቀፉ። ነቀፋውን በጥሞና መመርመር ያስፈልጋል፤ የሌላውን አገር ስልት እንዲያው ለብሶ የሚመጣ ተማሪ በእውነት አለና።

ነገር ግን ገብረ ክርስቶስ የሣሉት ምን እንደ ሆነ ይታይ። በዚያው ዓመት ከሠሯቸው ሥዕሎች አንዱ «ጎልጎታ» ይባላል፤ ይህ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ሁልጊዜ ሲሥሉት የኖሩት የስቅለት ታሪክ ነው። ደግሞም የአዲስ አበባን የድኾች ቤቶችና የቆርቆሮ ጣሪያቸውን ሣሉ። ስልቱ ከሩቅ መጣ፤ ዓይንና ልብ ግን ከአገር ነበሩ። መልክ መሣል ተስኗቸው ረቂቁን አልያዙም፤ ሁለቱንም ችለው የመረጡት ነው። አፈወርቅ በ1964፥ ገብረ ክርስቶስ በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሽልማት ድርጅት ሽልማት ተቀበሉ፤ መንገዳቸው ቢለያይም ሁለቱም ተከበሩ።

ገብረ ክርስቶስ በ1981 ዓ.ም. በስደት በአሜሪካ ዐረፉ። ከብዙ ዘመን በኋላ በጀርመን አገር ከነበሩት ሥዕሎቻቸው ከፊሉ ተመልሰው በስማቸው በተሰየመው በአዲስ አበባው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማእከል ገቡ። የተነቀፈው ሥራ ዛሬ የአገር ቅርስ ነው።

ለመምህራንና ለሽማግሌዎች

በመንደር ትምህርት ቤት የዘይት ቀለምና ሸራ አይገኝም ተብሎ ትምህርቱ አይቋረጥ። ከሰል፥ ጥላሸት፥ ቀይና ነጭ አፈር ለመጀመሪያ ይበቃሉ። መምህሩ ለተማሪው አንድ ነገር፥ ለምሳሌ እንስራ፥ ይስጠውና በአራት መንገድ ያሥለው፤ መጀመሪያ ዓይኑ እንዳየው፤ ሁለተኛ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በደማቅ መስመርና ባልተደባለቀ ቀለም፤ ሦስተኛ በጥቂት ቅርጾች ብቻ፤ አራተኛ እርሱ ራሱ እንደ መረጠው። ከዚያም በአራተኛው ላይ ምክንያቱን ይጠይቀው። ተማሪው መልስ ካለው ዐሳቡ ማደግ ጀምሯል ማለት ነው። የተበላሸውም ሥራ አይቀደድ፤ ሁሉም ቀን ተጽፎበት ቢቀመጥ ተማሪው የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ተመልክቶ ይማርበታል።

ወላጅ ሥዕል እንጀራ አይሆንም ብሎ ቢፈራ ፍርሃቱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚሥል ልጅ ሁሉ ሠዓሊ አይሆንም፤ ስለዚህ ንባቡንና ሒሳቡን እንዲተው አይፈቀድለት። ሆኖም ቤት ሠሪውም፥ ሸማኔውም፥ አንጥረኛውም አስተውሎ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን ዓይን ሥዕል ያሠለጥናል። እውነተኛው ስጦታ ያለው ልጅ በመጣ ጊዜ ደግሞ፥ የሚከለክለው መምህር ከአገሩ ላይ አንድ ሥራ ይሰርቃል።

ጥያቄ

1. የቅኔ ተማሪና የሥዕል ተማሪ በምን ይመሳሰላሉ?
2. አቶ አፈወርቅ ሥራቸውን ለሕዝብ ካሳዩ በኋላ እንደ ገና ለመማር የሄዱት ለምን ይመስላችኋል?
3. ከሌላ አገር በመጣ ስልት የአገርን ነገር መሣል ይቻላልን? ምክንያት ስጡ።