በውቂያ ሥራ ላይ የጆሮ ጥበቃ



በውቂያ ወቅት አቧራውን ሁላችንም እንፈራለን፤ አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ እንሸፍናለን። ጆሮ ግን ይረሳል። የመውቂያ ማሽን ድምፅ እንደ አቧራ አያስነጥስም፣ እንደ ማጭድ አያደማም። ጉዳቱ ያለ ሕመም ቀስ በቀስ ይመጣል፤ ከመጣም አይመለስም። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉ ፀጉር መሰል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ አንዴ ከሞቱ ዳግም አይበቅሉም።

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፦ በ88 ዴሲቤል ለ4 ሰዓት፣ በ94 ለ1 ሰዓት፣ በ100 ለ15 ደቂቃ ብቻ። መለኪያ ባይኖራችሁም፣ በክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለጋችሁ ድምፁ ጎጂ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ነዶ የሚያጎርሰው ነው፤ ለማሽኑ የቀረበ እሱ ነውና። ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ አንድ ጉልበተኛ ወጣት ወይም የቀን ሠራተኛ ከጠዋት እስከ ማታ ይይዘዋል። ይህ መቅረት አለበት። ማጎረሱን በፈረቃ አድርጉት፤ ተረኛ ያልሆነውም ከማሽኑ ርቆ ይረፍ። በገላጣ ሜዳ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ቡና የሚፈላበትንና ሕፃናት የሚውሉበትን ቦታም አርቁ።

ማሽን ስትከራዩ ማርሚታው የተቀደደ፣ ቺንጋው የላላ ወይም ኩሽኔታው የሚጮህ ከሆነ ባለቤቱ ሳያስጠግን ሥራ አታስጀምሩ።

አንዳንዱ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፋል፤ ጥጥ ድምፅን እምብዛም አይከላከልም። የሚጠቅመው በንጹሕ እጅ ተድቦልቡሎ ወደ ጆሮ የሚገባው የስፖንጅ መድፈኛ ወይም ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው መከላከያ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ጥሪ በደንብ ስለማይሰማ፣ ማሽኑን ለማስቆም በምትጠቀሙበት የእጅ ምልክት ቀድማችሁ ተስማሙ።

ማታ ጆሮው የሚጮህበት ወይም የልጆች ንግግር የማይለይለት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ጆሮ ውስጥ አይጨመር።

የቡድን ውይይት፦ በዘንድሮው ውቂያ ማን ያጎርሳል? በየስንት ሰዓቱ ይቀየራል? መከላከያውንስ ማን ይገዛል፣ ባለ ማሽኑ ወይስ ባለ እህሉ? የተስማማችሁበትን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው አሳውቁ።