በአገዳ ውስጥ የተደበቀ ሌባ

ማሽላችን ወይም በቆሎአችን በደንብ በቅሎ ሳለ፣ የአንዳንዱ ተክል የመካከል ቅጠል ይደርቃል። ሳብ ስናደርገው ተመዝዞ ይወጣል። ዝናቡ አልጠፋ፣ መሬቱ አልከዳን። ታዲያ ምን ነካው? አገዳውን ሰንጥቀን እንየው። ውስጡ ተቦርቡሮ አንድ ትል እናገኛለን። ይህ ትል አገዳ ቆርቁር ይባላል።

ትሉ ከየት መጣ? ከአፈር የሚፈላ የሚመስለን አለን። አይደለም። እናቱ ቡናማ የእሳት ራት ናት። ቀን ተደብቃ ትውላለች። ሲመሽ ትበርና፣ ቅጠሉ አገዳውን አቅፎ በያዘበት ሥፍራ እንቁላሏን ትጥላለች። የተፈለፈሉት ትሎች መጀመሪያ ለጋውን ቅጠል ይበሳሉ። ጠንከር ሲሉ አገዳውን ሰርስረው ይገባሉ። ከገቡ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት እንኳ በቀላሉ አይደርስባቸውም።

ሌባው በሩን ከፈተ ማለት ነው። ሌላ ጠላት ይከተለዋል። በነፋስና በአፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ የሻጋታ ዘሮች አሉ። ትሉ በበሳው ቀዳዳ ይገባሉ። አገዳው ይበሰብሳል፤ ነፋስ ሲመታው ይሰበራል። የበቆሎው ፍሬም ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ መርዝ አለው። ስለዚህ የሻገተ እህል ለልጆቻችንም ለከብቶቻችንም አንስጥ።

አዝመራው ሲሰበሰብ ትሉ የት ይሄዳል? የትም አይሄድም። በደረቀው አገዳ ውስጥ ተኝቶ በጋውን ያሳልፋል። ዝናብ ሲጥል ይነቃል፤ ተለውጦም የእሳት ራት ይሆንና ወደ አዲሱ ቡቃያ ይበራል። እንግዲህ አገዳውን እንዳለ በጓሮ ስንከምር፣ ለከርሞ ጠላታችን ቤት ሠራንለት ማለት ነው።

«አገዳውን አቃጥሉት» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን አገዳው ማገዶአችን፣ የከብቶቻችን መኖ፣ አጥራችንም ነው። ሳናቃጥለው ትሉን የምንገድልበት ዘዴ አለ። አገዳው እንደታጨደ ወዲያው አንከምረው። ሜዳ ላይ አጋድመን አራት ሳምንት ያህል ፀሐይ እናስመታው። አብዛኛው ትል በሙቀቱና በድርቀቱ ይሞታል። ከዚያ በኋላ እንከምረው። በማሳው የቀረውንም ጉቶ ገልብጠን እንረሰው።

በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ ተመራማሪዎች ከገበሬዎች ጋር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሌላ ዘዴ ሞክረዋል። በበቆሎው ማሳ ዙሪያ የዝሆን ሣር ይተከላል። የእሳት ራቷ ሣሩን መርጣ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች። ትሎቹ ግን በሣሩ ላይ አብዛኞቹ አድገው አይወጡም። ሣሩም ታጭዶ ለከብት መኖ ይሆናል።

የእሳት ራት የማሳ ድንበር አታውቅም። አንዳችን አገዳችንን ፀሐይ አስመትተን ጎረቤታችን ቢተወው፣ ከእሱ ክምር የወጣችው ወደ እኛ ቡቃያ ትመጣለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ መንደሩ ሁሉ በአንድ ወቅት ይሥራ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ትሉ በጋውን የት ያሳልፋል?
2. ሻጋታው ወደ አገዳው በምን በኩል ይገባል?
3. በመንደራችን አገዳ የሚከመረው መቼ ነው? ከመከመሩ በፊት ፀሐይ እንዲመታው ምን እናድርግ?